የባትሪው ውሃ

ላምባ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ሲቀላቀል የሚያወጣው ሽታ ዛሬም በጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ቀድሞ የሚታየኝ አሰላ ቤታችን በረንዳ ላይ ተንበርክኮ የሞተር ብስክሌቱን ካቴና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሚፈትገው አባቴ ነው። በደርግ ዘመን የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱ ዶቅዶቄ መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ጭኖ፣ አንድ ቀን ወደ ሲሬ፣ ሌላ ቀን ወደ ኦጎልቾ ይሄድ ነበር።

በጋ ላይ አቧራው ካቴናውን ስለሚበላው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈትቶ በላምባ ያጥበዋል፣ ዘይት ያጠጣዋል፣ የሞተሩን እሳት የሚጭረውን ካንዴላም አውጥቶ በምላጭ ይፍቀው ነበር። እናቴ «ለእኔ የዚህን ግማሽ ያህል ብትጨነቅልኝ» እያለች ትተርበዋለች፤ እሱም አንገቱን ሳያቀና ይስቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ሥራው ባትሪው ላይ ነበር። የተጣራ የባትሪ ውሃ እንደ ልብ አይገኝምና፣ ሳፋ ግቢው መሀል አውጥቶ በቀጥታ ከሰማይ የወረደውን ዝናብ ብቻ ያጠራቅም ነበር። ከቆርቆሮ የወረደው ዝገት አለው፣ የምንጭ ውሃ ደግሞ ጨው ስላለበት ባትሪ ይገድላል ይል ነበር። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ጠበልም የምንጭ ውሃ መሆኑ ግን ትዝ አላለኝም።

የእናቴ ጠበል በጠርሙስ ከአልጋዋ ሥር ይቀመጥ ነበር። ዘመኑ ክፉ ነበርና አባቴ ካድሬዎቹን ፈርቶ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትቷል፣ ጠበል ልርጭህ ስትለውም እሺ አይላትም ነበር። አንድ ነሐሴ ላይ ከሲሬ ሲመለስ ጭቃ አዳልጦት ወድቆ፣ ክንዱ ተልጦ ገባ፤ እናቴ ቁስሉን እያጠበች አለቀሰች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በማግሥቱ እሱ ቁርስ ላይ ሳለ፣ ሦስቱን የባትሪ ክዳኖች ከፍቼ፣ ሲያደርግ እንዳየሁት እስከ መስመሩ ድረስ ጠበል ሞላሁባቸው። እሱን ካልነካው ሞተሩን ይንካለት ብዬ ነው።

መስከረም አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ዶቅዶቄው ኦጎልቾ ሳይደርስ ጠፋ፣ አልነሳም አለ። በረዶው በቆላው ፀሐይ ቀለጠ፣ መድኃኒቱ ተበላሸ፣ ከብታቸውን ነድተው ሲጠብቁ የዋሉት ገበሬዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ባትሪው ሲከፈት ውስጡ ነጭ ዝቃጭ ተገኘ። ያን ጊዜ የመንግሥት ንብረት ከተበላሸ አሻጥር ነው ይባል ነበርና፣ አባቴን ስብሰባ ላይ አቁመው ጠየቁት።

«በስንፍናዬ የምንጭ ውሃ ጨምሬበት ነው» አለ አሉ።

ሞተሩን ቀምተው ለሌላ ሰጡት፣ እሱንም መጋዘን ውስጥ አስቀመጡት። ሜዳና ገደሉን የለመደ ሰው ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር ይውል ጀመር። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል አደግሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። እሱ ግን ዶቅዶቄ ሳይኖረው ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋውን ግቢው መሀል ያወጣ ነበር፤ የለመደበት ነው እያልን እንተወው ነበር።

ለእናቴ የነገርኳት እሱን ከቀበርን በኋላ ነው። ብዙም አልደነገጠችም። አባቴ ለስብሰባው በተጠራ ዕለት የጠበሉን ጠርሙስ አንስቶ መጉደሉን አይቶ ኖሯል።

«‹ልጅቷን እንዳትጠይቂያት፤ ለእኔ ብላ ነው። ሲሆንላት ራሷ ትነግረኛለች› አለኝ» አለችኝ።

አሁን ልጄ ትልቅ ሞተር ብስክሌት አለው። ካቴናውን ከጣሳ በሚረጭ ዘይት በአፍታ ይጨርሰዋል፣ ባትሪው ድፍን ስለሆነ ውሃ የሚባል ነገር አይጨመርበትም። ደግ ነው፣ ሥራ ቀሏል። እኔ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ከመስኮት ዳር ቆሜ፣ አባቴ ሳፋውን ያወጣባቸውን ክረምቶች እቆጥራለሁ። ሃያ ሁለት ክረምት ጠብቆኛል።