ከማን ሰማኸው?

ልጅ ሳለሁ፣ የቆቦ ፀሐይ የግል ጠብ ያላት ይመስል ቀኑን ሙሉ ስትጠብሰን ውላ አመሻሹ ላይ ስትለቀን፣ የሰፈሩ ልጆች የምንሰበሰበው እትዬ ዘሃራ ደጅ ነበር። እትዬ ዘሃራ እኔና እናቴ በተከራየንበት ግቢ ጥግ ላይ በአንዲት ክፍል የሚኖሩ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ይዘው የኖሩ ሴት ናቸው። እዚያ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አንብበው ጨርሰዋል ይባል ነበር። እሳቸው ግን «ያልጨረስኩትማ አለ፤ አይጥ የቀደመኝ» ይሉ ነበር።

ደጃቸው ላይ የኩበት ፍም አይጠፋም። በጥቅምት የማሽላ እሸት ይጠበስበታል፤ እኛም ጥንቅሽ እያላመጥን፣ ጢሱ ወደዞረበት ፊታችንን እያዞርን ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። መብራት የጠፋ ቀን ፋኖሱ ይለኮስና የእትዬ ዘሃራ ጥላ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ግመል ያህላል። ያኔ የጅብና የዝንጀሮ ተረት ከሳቸው አልሰማንም። የሚነግሩን ወፋፍራም የድሮ ልብ ወለዶችን ነበር፤ አንዱ ብቻ ክረምቱን በሙሉ ይፈጅ ነበር። የታሪኩ ልጅ በሩን ልትከፍት እጇን ስትሰድ «በሉ ነገ!» ብለው ይነሡብናል።

ከልብ ወለዶቹ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ግን የጻፏቸው ሴቶች ሕይወት ነበር። አንዷ የሴት መጽሐፍ ማን ይገዛል ሲሏት በወንድ ስም አሳተመች። ሌላዋ ሰው በገባ ቁጥር ወረቀቷን ዱቄት ዕቃው ሥር እየደበቀች ጻፈች። የአንዷን መጽሐፍ ደግሞ ባሏ ወስዶ በራሱ ስም አወጣው።

«እና ዝም አለች?» አለ ጓደኛዬ ሰይድ።

«ሰው እሱን ሲያመሰግን አጠገቡ ቆማ ታጨበጭብ ነበር» አሉ።

ጥንቅሼን ተፍቼ ተነሣሁ። «እኔ ብሆን ጥርሱን ነው የማራግፍለት!»

ሁሉም ሳቀ። «አብሽር» አሉኝ እትዬ ዘሃራ፣ «ያን ቀን እናይሃለን።»

አባታቸው፣ እሳቸው ልጅ ሳሉ፣ ከዞብል ተራራ ወዲያ እየወረዱ ከአፋሮች ጋር ጨው ይነግዱ የነበሩ ሰው ናቸው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ የሚሉትን ወሬ ሳይቀያየር አያልፍም፤ ያየውን ያየሁት፣ የሰማውንም ከእገሌ የሰማሁት ብሎ ነው የሚያወራው። ይህችን ሕግ እትዬ ዘሃራ ከአባታቸው ወርሰው እኛ ላይ ጫኗት። «ከማን እንደሰማኸው ያልተናገርከው ወሬ የተሰረቀ ግመል ነው» ይላሉ። «ባለቤቱ ኮቴውን ተከትሎ አንድ ቀን ይመጣል።» ስለዚህ የትናንቱን ታሪክ ዛሬ ከመካከላችን አንዱ ይደግመዋል፤ ጨርሶ ሳይቀመጥ «ከማን ሰማኸው?» ይሉታል። «ከእትዬ ዘሃራ።» «እኔስ?» «ከመጽሐፍ።» «መጽሐፉንስ ማን ጻፈው?» የሴትዮዋን ስም ያልያዘ ልጅ እሸት አይደርሰውም።

አንድ ቀን ማታ አዲስ ታሪክ አመጡ። ገበያ መሐል ተቀምጣ ላልተማረ ሰው ደብዳቤ የምትጽፍና የምታነብ ሴት ነበረች። ልጇ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር የሄደባት አንዲት እናት በየሳምንቱ «ደብዳቤ መጣልኝ?» እያለች ትመጣለች። ልጁ ባሕር ላይ እንደቀረ ጸሐፊዋ ሰምታለች፤ መናገር ግን አቃታት። ባዶ ወረቀት ይዛ፣ ከልጁ የመጣ አስመስላ ከልቧ እየፈጠረች ታነብላታለች። ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻ እናትየው፣ «የኔ ልጅ እንዲህ አድርጎ ማውራት መች ይችል ነበር? ከሦስተኛው ደብዳቤ ጀምሮ አውቄያለሁ። የምመጣው አንቺ ስታነቢ ልሰማ ነው» ትላታለች።

ከዚያ በጨዋታችን ሕግ «ከማን ሰሙት?» ብለን ጮኽን።

ፍሙን ቆሰቆሱት። «ከራሴ» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ልጅ አንሶ። «በደብተር ጽፌዋለሁ። ከእናንተ በቀር ለማንም አልነገርኩም።»

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤቱ የድርሰት ውድድር አወጣ። እኔ እንግዲህ ምላሴ የሚሮጥ፣ እርሳሴ የማይንቀሳቀስ ልጅ ነበርኩ፤ ስሜ ክፍል ውስጥ የሚጠራው ለቅጣት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሌላ ነገር እንዲጠራ ፈለግሁ። ደብተራቸውን አልሰረቅሁም። ምን ያደርግልኛል? ታሪኩ ቃል በቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። በአንድ ከሰዓት ጻፍኩት፤ ከታችም ስሜን አኖርኩ።

አሸነፍኩ። በወላጆች በዓል ቀን ድንኳኑ ሥር ቆሜ በማይክራፎን ማንበብ ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ቀና ስል፣ ፊት ለፊት ከክብር እንግዶቹ ጋር እትዬ ዘሃራ ተቀምጠዋል። የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለሆኑ ሽልማቱን እንዲሰጡ ተጠርተው ኖሯል። አፌ ግን አልቆመም። እናቶች አለቀሱ። መምህሩ ትከሻዬን ይዞ፣ «ጎበዝ! ይህን ከየት አመጣኸው?» አለና ማይኩን አፌ ላይ ደገነው።

«ከራሴ» አልኩ።

እትዬ ዘሃራ አጨበጨቡ። ባሏ መጽሐፏን የወሰደባትን ሴት እስኪያስታውሱኝ ድረስ፣ በሁለት እጃቸው፣ ሳያቋርጡ። ከዚያ ተነሥተው ሽልማቱን፣ አንድ መዝገበ ቃላት፣ ሰጡኝ። «አብሽር» አሉኝ። እናቴ እልል ትል ነበር።

ለአንድ ሳምንት ደጃቸውን ሸሸሁ። ሰይድ ጎትቶ ወሰደኝ። ዝምድናችን እንደተበላሸ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ አልተቆጡም፣ እሸቱም ደረሰኝ፣ ግን ሁሉንም እየዞሩ «ከማን ሰማኸው? ከማን ሰማሽው?» ሲሉ እኔ ጋ ሲደርሱ ዘለሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጠይቀውኝ አያውቁም።

መምህሩ ሁለተኛ ድርሰት አምጣ አለኝ። ከየት ላምጣ? የሱን ክፍለ ጊዜ መፎረፍ ጀመርኩ፤ ቀስ በቀስም ሁሉንም። ስምንተኛን ሳልጨርስ መናኸሪያ ገባሁ፣ የሚኒባስ ረዳት ሆንኩ። «ደራሲው» የሚለው ቅጽል ግን እንደ ጥላ ተከተለኝ። «ደራሲው! ዋጃ የሚሄድ አንድ ሰው ጥራ!» ሲሉኝ ሌላው እንደ ቀልድ ይሰማዋል፤ እኔ ግን የተሰረቀውን ግመል ኮቴ ነው የምሰማው።

ብዙ ዓመት አልፎ አንድ ቀን ከጎብዬ እትዬ ዘሃራ ተሳፈሩ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ሾፌሬ «ደራሲው፣ በሩን ዝጋ!» ሲል፣ ዶሮ የታቀፈች አንዲት ሴትዮ ሳቀች። «ይሄ? ምን ጽፎ ነው? የመኪና አቧራ ላይ?»

«ጽፏል እንጂ» አሉ እትዬ ዘሃራ። ታሪኩንም ጀመሩት። ጸሐፊዋን፣ እናትየዋን፣ ባዶውን ወረቀት። ሾፌሩ ቴፑን ዘጋ። ቆቦ ልንደርስ ስንል ሴትዮዋ በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ወይ ጉድ! ከማን ሰሙት እናቴ?» አለች።

የደፈረሰ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «ከዚህ ልጅ። ትምህርት ቤት ሲያነበው ሰምቼ።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ወራጅ አለ?» የሚል ጩኸት ነበር። ቆቦ መናኸሪያ ደረስን።

እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው። አንጓዬን ቶሎ አለቀቁትም። «ደብተሩስ?» አልኳቸው፣ ቀስ ብዬ።

«ዓይኔ ሲሄድ እሳት አያያዝኩበት። አንድ ታሪክ ሁለት ባለቤት ምን ይሠራለታል?»

በዓመቱ ሞቱ። ሰደቃቸው ላይ ውኃ ቀዳሁ፣ ፍራሽ ተሸከምኩ፣ ከደሴ የመጣች ልጃቸውንም አጽናናሁ፤ መናገር የነበረብኝን ብቻ አልተናገርኩም።

መዝገበ ቃላቱ እስከ ዛሬ አለ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለወጣቱ ደራሲ» ይላል። ትናንት ሰርዤዋለሁ። ያሸነፍኩበትን ድርሰት እናንብበው ላላችሁኝ ሁሉ፦ ታሪኩን የሰማሁት ከእትዬ ዘሃራ ነው። እሳቸው ደግሞ ከራሳቸው። ይህን ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ከጎብዬ እስከ ቆቦ ያለውን መንገድ በሙሉ ሰጥተውኝ ነበር።