እትዬ ቁልፌ ዶሮ የደበቁ ጊዜ

«እትዬ ቁልፌ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ነው። በር ቆልፈው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ሦስቴ እየተመለሱ እጀታውን ይነቀንቃሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ላውንደሪ ቤት ሲተኩሱ ኖረው፣ አንድ ቀን የረሱት ካውያ የሰው ሙሉ ልብስ አቃጠለባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ልባቸው አርፎ አያውቅም። ባል የለ፣ ልጅ የለ። ያሏቸው ዘጠኝ ሴት ዶሮዎችና አንድ አፈኛ አውራ ናቸው።

ዶሮዎቹ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ይለቀቃሉ። አፈር ጭረው ትል ያወጣሉ፣ ሣር ይነጫሉ፣ ከአሮጌው ግንብ ግርጌ የረገፈ ኖራ ይለቅማሉ። ማታ ሲገቡ ደግሞ የተከካ በቆሎ ከፉርሽካ ጋር ይበተንላቸዋል። እንቁላላቸው በጥፍር ቢመቱት ቃ የሚል፣ አስኳሉ ብርቱካን የመሰለ ነበር።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ይኼ ሰው ጨርቅ እንጂ ወሬ መለካት አያውቅም።

«እትዬ፣ ሰምተዋል? ከገበያው ማዶ የዶሮ በሽታ ገብቷል አሉ። ሐኪሞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። አንዲት ያነከሰች ካዩ የግቢውን ሁሉ ነው የሚጨርሱት!»

ያን ዕለት ቀይዋ ዶሮ በግራ እግሯ ሸብረክ ስትል አይተዋት ነበር። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እሳቸው ግን የጨመሩበት ፍርሃት ነው።

ዘጠኙንም ከነአውራቸው ጓዳ አስገብተው መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት። አውራው ጮኾ እንዳያጋልጣቸው የልብስ ቅርጫት ደፉበት። ሣር አጭደው ማስገባትም፣ በቆሎ መግዛትም ፈሩ። «ለማን ነው?» የሚል ሰው ቢመጣስ? ከአልጋ ሥር የነበረውን አንድ ጆንያ ፉርሽካ ብቻ በውሃ እያራሱ ሰጧቸው።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛዋ አነከሰች። ከዚያ ሦስተኛዋ። እንቁላሉም ቅርፊት አጥቶ በእጅ ሲይዙት ይልመጠመጥ ጀመር። እትዬ ቁልፌ በቃ፣ በሽታው ገባ ብለው ደመደሙ። ውጭ መኪና በቆመ ቁጥር ጓዳው በር ላይ ተለጥፈው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። በሃያኛው ቀን ቀይዋ ጭራሽ መቆም አቃታት።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሴት ሳጥን በትከሻዋ አንጠልጥላ ቆማለች።

«እማማ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ዶሮ አለዎት?»

«ኧረ እኔ ምን ዶሮ አለኝ ልጄ?»

ይኼኔ አውራው ከቅርጫቱ ሥር ኩኩሉ! አለ።

ሐኪሟ ሳቀች። እትዬ ቁልፌ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«አትግደይብኝ ልጄ! ከእነሱ ሌላ ማንም የለኝም።»

«ማን ይገድላል? ክትባት ልሰጥ ነው የመጣሁት።»

ጓዳ ገባች። ቀይዋን አንስታ እግሯን ደባበሰች፣ የለሰለሰውን እንቁላል ጫን ጫን አደረገች፣ ጆንያውን አየች።

«ስንት ቀን ዘጉባቸው?»

«ሃያ አንድ።»

«ፉርሽካ ብቻ እየበሉ?»

«በቆሎ ብገዛ ለማን ነው ይሉኛል ብዬ።»

«እማማ፣ ይኼ ተላላፊ በሽታ አይደለም። ያኔ ያነከሰችው ጠጠር ረግጣ ይሆናል። አሁን ግን ፀሐይ አጡ፣ ኖራ አጡ፣ ቅጠል አጡ። ዶሮ ለቅርፊት የሚሆን ካጣች ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች ነው እንቁላል የምትሠራው። ያውጧቸው። የእንቁላል ቅርፊት አድቅቀው፣ ጎመን ከትፈው፣ በቆሎውንም መልሰው ይስጧቸው። ሌሎቹ ይነሣሉ። ስለ ቀይዋ ግን እንጃ።»

አንድ በአንድ ታቅፈው አወጧቸው። ስምንቱ ክንፋቸውን ፀሐይ ላይ ዘረጉ። ቀይዋን ከግንቡ ሥር አፈሩ ላይ አስተኟትና የደቀቀ ቅርፊት በመዳፋቸው አቀረቡላት። አንድ ሁለቴ ለቀመች። ከዚያ ጅራቷን ቀና አድርጋ ታምጥ ጀመር።

እትዬ ቁልፌ ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባቸው። ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ያዟት።

«ተይ ልጄ፣ አጥንትሽ አልቋል፣ ዛሬስ ይቅርብሽ። አትጣይ። እባክሽ አትጣይ።»

ዶሮዋ ግን ጣለች።