ሰርዶ በማር ገንቦ ላይ

የህንዱ መምህር ሰቆጣ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የወደዱት ካህናቱ ናቸው። ሥጋ አይበላም፣ እንቁላል አይበላም፤ ዓመቱን ሙሉ ዐቢይ ጾም የያዘ ይመስል ነበር። እኔ ግን ብዙም ደስ አላለኝም። ሥጋ የማይበላ ሰው ማር ላይ ምላሱ ስል ይሆናል፤ ማር የሚገዛው ደግሞ ከእኔ ነው።

በንጉሡ ዘመን ነው፤ የገዥው ቤት ለትልቅ ድግስ ሽር ጉድ የሚልበት ሰሞን። የግቢው ጠጅ ጣይ ማሬን መጥታ ልታይ ቀጠሮ ሰጥታኛለች። እሷ ከተቀበለችው ከተማው ሁሉ ከእኔ ይገዛል፤ ከመለሰችው ግን ማሬን ጭኜ እስከ ሰሃላ ብዞር የሚቀምስልኝ አላገኝም። ማሩን ከዚሁ ከጎረቤታችን ከዝቋላ የሚያመጣልኝ ሰው ደግሞ መሐላ ያበዛል። መሐላ የሚያበዛ ሰው እንቅልፍ ይነሳኛል።

በቀጠሮው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በመምህሩ ደጅ ሳልፍ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘሁትና ለሰላምታ ጎራ አልኩ። ምድጃው ጠፍቷል። የውሃው እንስራ፣ የወተቱ ዕቃ፣ ከእኔ የገዛው የማር ገንቦ ሳይቀር ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ሰርዶ ተጋድሟል። ማሩ ላይ ያለው እንዲያውም ገባ ብሏል።

ክው አልኩ። እኛ ነጋዴዎች ማር የምንፈትነው እንዲያ ነው። ሣር እስከ ታች ሰክተን ቀስ ብለን እንመዛለን፤ ማሩ እንደ ክር ከተሳበ ንጹሕ ነው፣ ከተበጠሰ ውሃ ወይም ስኳር ገብቶበታል። ይህን ማን ነገረብኝ?

«መምህር፣ ማሩ ምን ሆነብዎ?»

«ማሩ ደኅና። ችግር ጨረቃ ነው።»

«ጨረቃን ከማሬ ጋር ምን አገናኛት?»

በዚያች በተሰባበረች አማርኛው አስረዳኝ። ዛሬ ጨረቃ ትያዛለች፤ ግርዶሽ ማለቱ ነው። በሃይማኖታቸው ጨረቃ ስትያዝ አይበላም፣ አይበሰልም፤ ቤት ያለው ምግብ እንዳይረክስ ሣር ይደረግበታል። ስትለቀቅ ገላን ታጥቦ ነው እህል የሚቀመሰው፤ ምጽዋትም ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ደጅም አትወጣም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ስታቃስት እሰማታለሁ። ያስጨነቀው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፦ በአገሩ ጨረቃ ቀድማ ስለምትወጣ መያዟ በደንብ ይታያል፤ እዚህ ግን ከመውጣቷ በፊት ልትለቀቅ ትችላለች። እዚህ ካልታየች ደንቡ አይነካቸውም፤ ሚስቱም ትበላለች።

«ካልታየች የለችም ማለት ነው?»

«ለእኛ የለም።»

ኬላ ጠባቂው ያላየው ጨው ቀረጥ የለበትም እንደማለት ነው። በዚህኛው ሃይማኖትስ የጸኑ ብዙ ነጋዴዎች አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ጨረቃ ቶሎ የሚታይ ተራራ የት ነው?»

የውጭ አገር ሰው ተራራ ሲጠይቅ ለደኅና አይመስለኝም። ስለ ማሬ የሚያወራው ሰው ያገኝ እንደሆነም ፈራሁ። ስለዚህ ራሴ ከከተማው በላይ ወዳለው ጉብታ ይዤው ወጣሁ።

ፀሐይ እንደገባች በምሥራቅ በኩል ጨረቃ ብቅ አለች፤ ታችኛው ጠርዟ ጎድሏል።

«የተራራው ጫፍ ነው የጋረዳት» አልኩ።

«ቆይ።»

ቆየን። ጨረቃዋ ተራራውን ለቀቀች፤ ጥቁሩ ንክሻ ግን አብሯት ወጣ። አማተብኩ። በእኛም አገር ጨረቃ ስትጠቁር እግዚኦ ይባላል፤ ታች ከተማው ውስጥ ግን አንድም ድምፅ የለም። ጨረቃዋን ተራራው ገና ከልሎባቸዋል።

«ታየች» አለ መምህሩ። ደስ ያለው አይመስልም። «ሚስቴ ሳትበላ ትቆያለች።»

ወደ ቤቱ በሩጫ ወረደ። እኔ ከተማ ስደርስ ጨረቃዋ ለከተማው ወጥታለች፤ አንድም የጎደላት ነገር የለም።

በነጋታው ጠጅ ጣይዋ ሱቄ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል።

«አንተ! ህንዱ ማርህን ከነገንቦው ለቤተ ክርስቲያን ለማኞች ሰጠው አሉ። ምን ቢያገኝበት ነው?»

«እትዬ፣ ጨረቃ ተይዛ ስለነበር ነው።»

«የትኛዋ ጨረቃ? ማታ ደጄ ቁጭ ብዬ ሳያት እንደ ሳህን ሙሉ ነበረች!»

«ከጉብታው ላይ ነው የታየችው።»

«አሃ! ለአንተና ለህንዱ ብቻ!»

ገበያተኛው ሳቀ። ሳቁ እስከ ማታ ጋዝጊብላ እንደሚደርስ አወቅሁ። መምህሩ ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፍ አየሁትና እጅጌውን ይዤ አስገባሁት።

«የተበላሸ ስለሆነ ነው የሰጡት ትላለች። ይንገሩልኝ እስቲ!»

መምህሩ ደነገጠ። «የተበላሸ ምጽዋት? ነውር ነው! ከቤት ጥሩውን ነው የሚሰጥ።»

«ደንበኛህ አይደል፣ ሌላ ምን ይበል?» አለች ወደ እኔ ዞራ።

ከዚያ ከጣራው ክዳን አንድ ሣር መዝዛ ጠረገችና አዲሱ ገንቦ ውስጥ እስከ ታች ሰካችው። ያ የዝቋላ ሰው የማለው መሐላ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ቀስ ብላ ሳበችው። ማሩ ተከተለ፤ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ እስከ አገጯ ድረስ ወጣ፤ አልተበጠሰም። ቀመሰችው። ስህተት ስታጣ ከፍቷት እንደሆነ ያስታውቃል።

አሁንም አላመነችም። አሽከሯን ጠርታ «ሂድ፣ ከለማኞቹ ሆዱን ያመመው እንዳለ ጠይቅ» አለችው። እሱ እስኪመለስ በሱቄ በር ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ሌላ ደንበኛ ሳላስተናግድ ቆምኩ።

አሽከሩ እየሳቀ ተመለሰ። «ሁሉም ደኅና ናቸው እትዬ። አንዱ ብቻ ጥያቄ አለኝ ብሏል።»

«ምን አለ?»

«የህንዱ ጨረቃ ደግሞ መቼ ነው የምትያዘው?»

ጠጅ ጣይዋ አልሳቀችም። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ገንቦዎቹን አስጫነች።