ሲስተር ያልሰሙት ጸሎት

በደርግ ጊዜ ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሚስዮን ክሊኒክ አስተርጓሚ ነበርኩ። ነርሷ አየርላንዳዊት መነኩሲት ነበሩ፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነበር የምንላቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፋሻ እየጠቀለልን ስለ አያታቸው አጫወቱኝ። በመንደራቸው አንድ ምንጭ አለ። ሰው የታመመ ዘመዱን እያሰበ ምንጩ ዳር ካለው ዛፍ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ያስራል። ክርስትና ከመግባቱ በፊት ምንጩ የአንዲት ሴት አምላክ ንብረት ነበር አሉ፤ እሳትም ፈውስም የእሷ። በኋላ በዚያው ስም የምትጠራ ቅድስት ተተካች፤ ሰዉ ግን መምጣቱን አልተወም። «አያቴ ሁለቱንም ትወዳቸው ነበር» ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በየሳምንቱ የቀበሌ ውይይት ላይ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው ሲባል ለምሰማው ለእኔ ታሪኩ ትልቅ መጽናኛ ሆነኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት የኦሮሞ አሮጊት እግራቸው ቆስሎ መጡ። ሲስተር ተኝተው ይታከሙ አሉ። አሮጊቷ በኦሮምኛ፣ «እሺ፤ መጀመሪያ ግን ወንዝ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሄጄ ዋቃን ልለምን» አሉኝ። ተረጎምኩላቸው።

የሲስተር ፊት ተለዋወጠ። «ዛፍ አይሰማም በያት። ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው።»

ይህን ለአሮጊቷ ሳልተረጉም ወደ ሲስተር ዞርኩ። «የእርስዎ አገር ዛፍስ ይሰማል?» አልኳቸው።

«እኛ የምንለምነው ቅድስቲቱን ነው!»

«እሳቸውም እኮ ዛፉን አይደለም፤ ፈጣሪን ልለምን ነው ያሉት።»

«አንቺ የታዘዝሽውን ተርጉሚ!»

አሮጊቷ እጄን ያዙኝ። «ምን ትላለች ልጄ?»

«ቁስሉ ሳይብስ አሁኑኑ ይተኙ ነው የሚሉት» አልኩ። የቀረውን ዋጥኩት። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቅንቀው እያነከሱ ወደ ወንዙ ሄዱ።

በማግስቱ ተመልሰው ተኙ፤ እግራቸውም ዳነ። ቁስሉን ጠዋት ማታ የሚያጥቡላቸው ሲስተር ራሳቸው ነበሩ፤ ያውም ቀስ ብለው፣ እንዳያማቸው እየተጠነቀቁ። ይበልጥ ያናደደኝ ይሄ ነው። እጃቸው እንዲህ ሩኅሩኅ ሆኖ ጆሯቸው ምን አደነደነው?

ከጥቂት ወራት በኋላ የቀበሌው ካድሬ ዋርካው ኋላ ቀር ልማድ ያስፋፋል ብሎ እንዲቆረጥ አዘዘ። ሲስተርን አንድ ቃል ይናገሩ ብዬ ለመንኳቸው። «ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» አሉኝ። ዛፉ ተቆረጠ። እኔም በዚያው ወር ክሊኒኩን ለቅቄ አዳማ አንድ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ሆንኩ።

ዛሬ ስለ አየርላንድ አማልክት አንብቦ መንፈሴ ታደሰ የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ያ ታሪክ የጎረቤትህን ጸሎት እንድትሰማ ካላደረገህ ምን ጠቀመህ እለዋለሁ። አብዛኛው ሰው ወሬ ይቀይራል።