በፒካፕ የተጎተተው ቤቴ

መንዝ ውስጥ ነርስ ሆኜ በተመደብኩበት ቀበሌ የመጀመሪያውን ዓመት የኖርኩት ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ክሊኒኩ አንዲት ክፍል ብቻ ስለነበረው፣ ቀበሌው ከስብሰባ አዳራሹ ጥግ አንዱን በአቡጀዲ ከልሎ አልጋ ዘረጋልኝና «ቤትሽ ይኸው» አለኝ። ከመጋረጃው ወዲህ እኔ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ስብሰባ። ስለ ማዳበሪያ ሲከራከሩ፣ ሲገማገሙ፣ ሒስና ግለ ሒስ ሲያወርዱ እኔ ልብስ መቀየር ፈርቼ አልጋዬ ላይ ኩርምት ብዬ እቀመጣለሁ። ሳል ቢመጣብኝ እውጠዋለሁ። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ኃጢአት ሁሉ ከነዝርዝሩ የማውቀው ፈልጌው አይደለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን ነበር። ለጉብኝት በመጣ ቁጥር መጋረጃውን በአንድ ጣቱ ገለጥ ያደርግና ጭንቅላቱን አስግጎ «አለሽ?» ይለኛል። የት ልሄድ ኖሯል? አንድ ቀን ፀጉሬን ታጥቤ በፎጣ ተጠቅልዬ አገኘኝና እንኳን ሊያፍር የክትባት ሪፖርት ጠየቀኝ። በአፌ እርስዎ እለዋለሁ፣ በሆዴ ግን አንተም አይገባውም። መጋረጃ አይንኳኳም፤ ችግሩ ይኸው ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት ቆም ብሎ የሚያንኳኳው ነገር ነበር የምፈልገው። ቪላ አልጠየቅሁም፣ በር ነው የጠየቅሁት።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በር ያለው ቤት ካላገኘሁ እለቃለሁ አልኩት። ማስፈራሪያ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበሩትም በዚሁ ምክንያት ነው የሄዱት። ይህን መንደሩ በደንብ ያውቃል። ነርስ ባልነበረበት ጊዜ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተይዛ እስከ ወረዳው ከተማ፣ እስከ መሐል ሜዳ ነበር የምትወሰደው፤ ሳይደርሱ መንገድ ላይ የቀሩም አሉ። ስለዚህ የእኔ በር የእኔ ብቻ ጉዳይ አልነበረም፤ ሆዷ የገፋ ሴት ባየችኝ ቁጥር «ቤቱ ነገር እንዴት ሆነ?» ትለኛለች።

ኃላፊው መላ አገኘ። ፕሮጀክታቸውን ጨርሰው የሄዱ ፈረንጆች መሐል ሜዳ ከተማ ጥለውት የሄዱት አንድ ነጭ ተጎታች ቤት ነበር። በሁለት ጎማ የቆመ፣ አልጋና ጠረጴዛ ያለው፣ ፈረንጅ ለሽርሽር ሲወጣ ከመኪናው ኋላ አስሮ የሚጎትተው ዓይነት ነው። በርም አለው፣ ከነቁልፉ። ድንጋይ እግር በሚያደናቅፍበት አገር የድንጋይ ቤት መሥራት ለምን እንዳልታሰበ አልጠይቃችሁ። የድንጋይ ቤት በሪፖርት ላይ አያምርም መሰለኝ። «ተንቀሳቃሽ የባለሙያ መኖሪያ» ሲባል ግን ዞን ድረስ ያስጨበጭባል።

ጎታቿ የጽሕፈት ቤቱ ብቸኛ ናፍጣ ፒካፕ ነበረች። ሰውና መድኃኒት ለማመላለስ የተሠራች ቀላል መኪና ናት። ሾፌሯ ግን ከዚያ በላይ ነው የሚያስባት፤ ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «ይቺ ተራራ ትጎትታለች» ይላል። ለመጎተቻ የሚሆን የብረት ኳስ ከተማ ውስጥ አስበይዶ ከኋላዋ አስለጥፎላት ነበር።

«ተጎታቹ የራሱ ፍሬን አለው?» አልኩት።

«ፒካፗ አላት አይደል እንዴ?» አለኝና ሳቀብኝ።

የሰኔ ዝናብ መጣል በጀመረበት ሳምንት ተነሳን። ጋቢና ውስጥ ሾፌሩ፣ መሐል ላይ ኃላፊው፣ በሩ ጋ እኔ። ኃላፊው ጭኑ ላይ ጥቅል ቀይ ሪባንና መቀስ ይዟል። እኔ ሻንጣዬን ከኋላ ጭኛለሁ፤ ቤቱ ከደረሰ ልገባበት፣ ካልደረሰ በዚያችው መኪና ተመልሼ የዝውውር ማመልከቻዬን ላስገባ ቆርጫለሁ።

ሜዳው ላይ ደህና ሄድን። ሾፌሩ በየመንደሩ ጥሩምባ እየነፋ፣ ሠርግ የሚያጅብ ይመስል በአንድ እጁ ነበር የሚነዳው። ዳገቱ ሲጀምር ሁለቱም እጆቹ ወደ መሪው ተመለሱ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ ወረድን፤ ከዚያ በታች ማርሽ የለም እንጂ ቢኖር እንወርድ ነበር። ጥቁር ጭሱ ነጩን ቤቴን ከፊቱ አጠቆረው። ራዲያተሩ ፈልቶ ስንቆም ሾፌሩ «ደጋው ላይ አየር የለም፣ ሞተሩ ታፈነ» አለ። በጎች ግን ከመንገዱ ዳር ያለ ምንም መታፈን ይግጡ ነበር።

ጫፉ ላይ ስንወጣ የቀበሌዬ ሰው ግማሹ መንገድ ዘግቶ ቆሞ አገኘነው። ቤቱን ሊቀበሉ ነው የመጡት። ባዶ እጃቸውንም አልመጡም፤ ገብስ በጆንያ፣ ባቄላ በአቁማዳ፣ እንስራ፣ ለመቀመጫ የሚሆን አጎዛ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጎረምሶች ተጋግዘው የተሸከሙት የድንጋይ ወፍጮ። ክሊኒኩ አጠገብ የሚኖሩ፣ ሁሌ እንቁላል የሚያመጡልኝ አንዲት ባልቴት ወደ መስኮቱ ቀረቡና «ልጄ፣ ሰው ኸባዶ ቤት አይገባም፤ እህሉ ይቅደምሽ» አሉኝ። የአገሩ ወግ ነው። አዲስ ቤት የሚገባ ሰው ከእሱ በፊት እህል ይገባለታል፣ አለዚያ ቤቱ የረሃብ ቤት ይሆናል ይባላል። ታዲያ ይህ ወግ ሲወጣ ቤት ጎማ አልነበረውም።

በሩ ከወደ ኋላ ስለሆነ ሁሉም ነገር እዚያው በሩ ሥር ተከመረ። ወፍጮው ከሁሉም ኋላ ገባ። ሾፌሩ እያየ «ትችላለች» አለ። ኃላፊው ደግሞ ፊቱ በራ። «የሕዝብ ተሳትፎ ማለት ይሄ ነው» አለኝ፤ ሌላ ጊዜ ሕዝብ ሲሳተፍ የሚያስነጥሰው ሰው።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ከኋላችን ያለው ቤት ወገቡን መነቅነቅ ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ፒካፗን ራሷን ወዲያና ወዲህ እየወረወረ። ኋላው ከብዶ ፊቱን ወደ ላይ ስላነሳው የፒካፗንም ጀርባ አብሮ ያነሳዋል፤ የኋላ ጎማዎቿ መሬቱን በወጉ አይረግጡም። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ባሰበት። ተራራ ትጎትታለች ያለው አፍ አሁን መድኃኔዓለምን ይጠራ ነበር። ኃላፊው ሪባኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞታል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለበር ብዬ መሞቴ ነው።

እንደ ምንም ወንዙ ጋ ደረስን። ማዶ ያለው አጭር ዳገት ግን መረሬ፣ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው፣ ዝናብ ደግሞ አርሶታል። የኋላ ጎማዎቹ እዚያው በዚያው ይሽከረከራሉ፣ ጭቃ ይረጫሉ እንጂ አይወጡም። እኔና ኃላፊው ከጋቢናው ወረድን። ሰዉ ደርሶ ታኮ የሚሆን ድንጋይ አቀበለ፣ ትከሻውን ሰጥቶ ገፋ። ቤቱ ግን ፒካፗን እንደያዘ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ከመንገዱ ወጥቶ ረግረጉ ውስጥ በአንድ ጎኑ ዘመም ብሎ ተቀመጠ። እህሉን ሁሉ አራገፉለት። ሾፌሩ እንደገና ናፍጣ ሰጣት። ያኔ ብየዳው ለቀቀ። ፒካፗ ከሸክሟ ተላቃ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣችና ላይ ሆና ቆመች። ቤቴ እታች ቀረ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ ረግረጉን አየ፣ ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ ወረደና ሪባኑን በዘመመው በር ላይ ማሰር ጀመረ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ቆረጠው፣ አጨበጨበም። ለብቻው ሲያጨበጭብ ያሳዘናቸው አንድ ቄስ አገዙት። ከዚያ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ፤ ቤቱን ተረክበሻል» አለ።

«ይኼ ረግረግ ላይ?»

«ለጊዜው ነው። ችግሩን እንደ ዕድል ማየት ነው። ካልፈለግሽ ግን ነይ ግቢና እንመለስ፤ የሚተካሽ አናጣም።»

በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። ሻንጣዬ ፒካፗ ላይ ነው፤ ወጥቼ ጋቢና መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ። ልወጣም እግሬን አንስቻለሁ። ካፊያው ሲጀምር ባልቴቷ ነጠላቸውን ገልጠው ጆንያው ላይ ጣል አደረጉና «ልጄ፣ እህልሽን የት እናግባልሽ?» አሉኝ።

እህል አለኝ፣ ወፍጮ አለኝ፣ ቁልፍ አለኝ፣ ቤት የለኝም። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ በንዴት አለቀስኩ። ባልቴቷ ለቅሶዬ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቁም። «እንግዲያ ኸእኔ ቤት ይግባ፤ አንቺም ኸእህልሽ ጋር ትገቢያለሽ» አሉና ጎረምሶቹን አዘዙ። ወፍጮው ተነሳ። እኔም ወጥቼ ሻንጣዬን አወረድኩ። ኃላፊው የዞን ስብሰባ ስለነበረበት ደህና ዋሉ እንኳን ሳይል ሄደ። በሪፖርቱ ላይ ባለሙያዋ የመኖሪያ ችግሯ እንደተቀረፈላት ጻፈ አሉ።

ክረምቱን ከባልቴቷ ጋር አሳለፍኩት። ከቤታቸው በስተጀርባ ባለችው ቦታ መንደሩ ድንጋይ ይሰበስብ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ግድግዳው ቆመ፣ ቀጥሎም በጓሳ ሣር ተከደነ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ሥራው ተገታ። በዚያ ብርድ አገር ጣውላ የሚወጣው እንጨት ከየት ይምጣ? ለጊዜው መጋረጃ ይሰቀልላት ያለ ሰው ነበር፤ ያየሁት አስተያየት ሌላ ጊዜም እንዳይናገር ሳያደርገው አልቀረም። ያን ቀን ሪባን ሲቆረጥ ያጨበጨቡት ቄስ «ቤቱን ተረክባ የለም እንዴ? ቁልፉስ እሷ ጋ አይደለም?» አሉ። በማግስቱ ሰዎች መሰርሰሪያና መዶሻ ይዘው ወደ ረግረጉ ወረዱ። ነጩን በር ከነፍሬሙ ነቅለው አመጡትና ድንጋዩ ውስጥ ገጠሙት። አጭር ነው፣ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚገባበት። ይቆለፋል።

ጥቅምት ላይ ኃላፊው ከዞን እንግዶች ይዞ ተንቀሳቃሹን መኖሪያ ሊያስጎበኝ መጣ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ረግረጉ ነው። በር የሌለው ነጭ ሣጥን ውስጥ የጎረቤቴ በጎች ተኝተው አገኙ። ከዚያ ሰው እየጠየቁ ወደ እኔ ወጡ። ሲመጡ በበሩ ትንሽ መስኮት አይቻቸዋለሁ። ኃላፊው ከፊት ነበር። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ጣቱን ዘረጋ፣ የሚገልጠው ነገር ግን አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ አንኳኳ።

«ማነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ ኃላፊሽ።»

ፀጉሬን እየጎነጎንኩ ነበር፤ ገና ግማሹ ቀርቶኛል። ውጭ ካፊያ ጀምሯል።

«ትንሽ ይቆዩ» አልኩት።