የወይዘሮ ወለተ ሐና አውድማ እና የጥድ አፋፍ ፕላን

ወይዘሮ ወለተ ሐና በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ባለሀብት ሆኑ። ከዚያ በፊት ገበሬ ነበሩ። በመካከል ያለፉትን አምስት ዓመታት ምን ሆነው እንደቆዩ ግን እሳቸውም ማዘጋጃ ቤቱም በደንብ አያውቁትም።

ቤታቸው ጥድ አፋፍ ነው። ከላሊበላ ወደ ብልባላ ሲኬድ ከመንገዱ በስተግራ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። አንድ ወፍጮ፣ ሁለት ሻይ ቤትና ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም ገበያ አላት። አንድ ቀን ጠዋት ይህች መንደር “ታዳጊ ከተማ ሆነሻል” ተባለች። ውሃ አልገባላትም፤ መብራቷም እንደ ወትሮው ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። ከንቲባ ግን ተሾመላት፣ ማኅተም ተቀረጸላት፣ ፕላንም ተሠራላት። ፕላኑ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ መሐሉ ላይ ትልቅ አደባባይ አለበት። በመንደሩ መኪና ያለው ሰው የለም፤ አህያ ደግሞ አደባባይ ሳያስፈልጋት ትታጠፋለች።

የወይዘሮ ወለተ ሐና አውድማ በዚህ ፕላን ላይ ቢጫ ተቀብቷል። አውድማው ከአያታቸው የወረደ፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ በየተራ የሚወቃበት ሜዳ ነው። ትልቁ ሀብቱ ነፋሱ ነው። ከቆላው የተነሣው ነፋስ ገደሉን ታክኮ ሲወጣ፣ የተወቃውን ገብስ በመንሽ ወደ ላይ የበተነ ሰው ገለባው ለብቻው፣ ፍሬው ለብቻው ሲወርድ ያያል።

ሕዝቡ በፕላኑ ላይ “እንዲወያይ” ተጠራ። የመሬት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ምሥጋናው በቀጭን ዘንግ እየጠቆሙ ቀለሞቹን አስረዱ። አረንጓዴው መናፈሻ ነው፣ ቀዩ ንግድ ነው፣ ቢጫው ቅይጥ አገልግሎት ነው።

ወይዘሮ ወለተ ሐና እጃቸውን አወጡ። “ጌታዬ፣ ያ ቢጫው አውድማችን ነው። የት ልንወቃ ነው?”

“ጥያቄዎ እንደ ግብዓት ተወስዷል፣ እናቴ።”

“ተወስዶ የት ተቀመጠ?”

ሰው ሳቀ። አቶ ምሥጋናው ቃለ ጉባኤ ወደሚይዘው ሠራተኛ ዞር ብለው፣ “ተሳትፎው የሞቀ ነበር ብለህ ያዝ” አሉት።

ዛፍ ወይም ቤት ለነበረበት መሬት ካሳ ተሰጠ። ለአውድማው ግን የገማቾች ኮሚቴ መጥቶ፣ ዙሪያውን ዞሮ፣ “ባዶ መሬት” ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ዓመት በዓመት እበት እየለቀለቁ ሣር እንዳይበቅልበት የደከሙበት ሜዳ፣ ሣር ስላልበቀለበት ባዶ ተባለ። ምትክ ተብሎ የተሰጣቸው ቦታ ከሸለቆው ግርጌ ነው። ነፋስ እዚያ አይደርስም። በመጀመሪያው ታኅሣሥ ጎረቤታቸው ከፋለ መንሹን ይዞ ሦስት ቀን ሙሉ ነፋስ ጠበቀ። በአራተኛው ቀን መጣ፤ ግን በሸለቆው ውስጥ ዞሮ ገለባውን መልሶ ፊቱ ላይ አለበሰው። ሴቶቹ ፍሬውን በእጅ እየለቀሙ ከረሙ፤ ጣታቸው ተላጠ። ያን ዓመት የጥድ አፋፍ ሰው ገለባ የቀረበትን ቂጣ በበላ ቁጥር ጉሮሮውን ሲጠራርግ ይሰማ ነበር።

አውድማውን የወሰዱት አቶ ኢያቄም የሚባሉ ባለሀብት ናቸው። ሎጅ ሊሠሩበት ነው ተባለ። ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ፣ በሩ ላይም የሎጁ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ቆመ። ሥዕሉ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አለ፤ ዋናተኞችም አሉ። ከንቲባው ንግግር አደረጉ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ከዚያ ሁሉም ወደየመጣበት ሄደ። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ሦስተኛው ሲጋመስ የአቶ ኢያቄም ስልክ መነሣቱን ተወ። ከአጥሩ ውስጥ ሣሩ ደረት ድረስ በቀለ። ጥበቃው እያጨደ ገበያ ያወጣው ጀመር። የሎጁ ብቸኛ ምርት ያ ነበር።

በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ያላለሙ ባለሀብቶች ቦታ ተነጥቆ ፕሮጀክት ላለው አመልካች እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። “አውድማዬ ይመለስልኝ” የሚል ማመልከቻ አስገቡ። በሳምንቱ መልስ መጣ፤ አውድማ በከተማው የልማት አቅጣጫ ውስጥ ስላልተካተተ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ይላል።

ደብዳቤውን ይዘው ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተሻገሩ። ባለቤቷ ነጅሚያ ናት። ስምንት ዓመት የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ኖራ የትኛው እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደሚወድቅ ገና በአርእስቱ ታውቃለች።

“እትዬ፣ ጥፋቱ የቃሉ ነው” አለቻቸው ደብዳቤውን አንብባ። “አውድማ የሚባል ነገር እዚያ ቢሮ ውስጥ የለም። እስቲ ይቀመጡ፣ ምን እንደሚሠሩበት አንድ በአንድ ይንገሩኝ።”

“ምን ይነገራል፣ ልጄ? ገብሱን እናበራያለን፣ እናዘራለን፣ እስኪጫን እናቆየዋለን።”

ነጅሚያ እየተየበች ጮክ ብላ አነበበች። “የሰብል ምርት ማቀነባበሪያ፣ ማበጠሪያና ጊዜያዊ ማከማቻ ማዕከል። በምንድን ነው የምታዘሩት?”

“በነፋስ ነዋ።”

“የኃይል ምንጭ፣ ታዳሽ። የሚያበራየውስ?”

“በሬ።”

“ከአካባቢ ጋር የተስማማ ተንቀሳቃሽ ኃይል። መሬቱን በምን ትለቀልቁታላችሁ?”

ወይዘሮ ወለተ ሐና ትንሽ አፈሩ። “በእበት።”

“ወለሉ ከአገር በቀል ግብዓት የተዘጋጀ” ብላ ጻፈች ነጅሚያ።

“ይኼ ውሸት አይሆንብኝም?” አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና። ቆራቢ ናቸው፤ ነገሩ ከብዷቸዋል።

“የትኛው ቃል ነው ውሸቱ?”

ወረቀቱ እንደገና ተነበበላቸው። ደጋግመው ቢያስቡም የሚነቀስ ቃል አጡ። ፈረሙ።

ኮሚቴው ጠራቸው። አምስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ጠበቋቸው።

“በዘርፉ ልምድ አለዎት?” አለ አንደኛው።

“ከአርባ ዓመት በላይ።”

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ባለሀብት ጥድ አፋፍ መጥቶ አያውቅም።

“ቴክኖሎጂውን የሚያስገቡት ከውጭ ነው?”

“የለም፣ ከአባቴ ነው የተማርኩት።”

“የአገር ውስጥ ነው” ብሎ አንዱ በደስታ መዘገበ።

አቶ ምሥጋናው እስከዚያ ድረስ ወረቀቱን ሲገልጡ ነበር። እሳቸው ራሳቸው የገነተ ማርያም አካባቢ ገበሬ ልጅ ናቸው። “አገር በቀል ግብዓት” የሚለው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። ቀና ብለው ወይዘሮ ወለተ ሐናን አዩ፤ ወይዘሮ ወለተ ሐናም አዩአቸው። ሰውየው እንደገባቸው ግልጽ ነበር። ነገር ግን ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ በዕቅዳቸው ላይ “አንድ ሴት ባለሀብት” የሚል ዓምድ አለ፤ ዓምዱ ባዶ ነው። ፈረሙ፣ ማኅተሙን አሳረፉበት። “እንኳን ደስ አለዎት” አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

ቆርቆሮውን የነቀለው ከፋለ ነው። ሣሩ ታጨደ፣ ሥሩ ተነቀለ፣ መሬቱ ሁለት ጊዜ ተለቀለቀ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሥራ አንዱ ቤተሰብ ተራውን እንደገና ያዘ፤ ገብሱ ወደ ላይ ተበተነ፣ ነፋሱም የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። ከፋለ “እሰይ” እያለ ሲያዘራ ዋለ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ግን የሰውን ያህል አልተደሰቱም። አያታቸው ድንጋዩን ለቅመው ያቀኑትን ሜዳ እሳቸው በሠላሳ ዓመት ሊዝ ተከራይተውታል። “የገዛ ቤቴ በእንግድነት የገባሁ መሰለኝ” አሏት ለነጅሚያ።

በዓመቱ የክትትል ባለሙያ መጣ። ጫማው አዲስ ነው፤ አውድማው ዳር ቆሞ ቅጹን ከፈተ።

“ማዕከሉ ለስንት ሰው ቋሚ የሥራ ዕድል ፈጠረ?”

ወይዘሮ ወለተ ሐና ጥያቄው ግራ ገባቸው። ወደ ሥራው ዞር ብለው ተመለከቱ። “ያው እንደሚያዩት ነው፣ ጌታዬ። በቋሚነት የሚሠሩት አራት ናቸው።”

“ስማቸው?”

“ቦራ፣ ዳልቻ፣ ጉራቻ፣ ወይኖ።”

ጻፈ። “ጾታ?”

“ሁሉም ወንድ ናቸው።”

ባለሙያው ከንፈሩን መጠጠ። “የሴቶች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው” አላቸው በወቀሳ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ከገለባው ክምር አጠገብ ጎንበስ ብለው ፍሬ የሚያበጥሩትን ስድስት ሴቶች በእጃቸው አሳዩት። “እነሱስ?”

“ደመወዝ ይከፈላቸዋል?”

“ኧረ ማን ይከፍላቸዋል?”

“እንግዲያ በጎ ፈቃደኞች ናቸው” አለና እሱንም መዘገበ። ከበሬዎቹ አንዱ በአጠገቡ ሲያልፍ ባለሙያው ለጫማው ብሎ ፈንጠር አለ። የቅጹን ግርጌ አስፈርሟቸው ሄደ።

ሪፖርቱ ዞን ድረስ ደርሶ ተመሰገነ ይባላል። ምስጋናውን ተከትሎ ደግሞ ደብዳቤ መጣ፤ ማዕከሉ የሚገኝበት ሥፍራ በፕላኑ መሠረት ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ የሚጠይቅ ስለሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ግንባታ እንዲጀመር የሚል።

ነጅሚያ አንብባ ስትጨርስ ደነገጠች። ወይዘሮ ወለተ ሐና ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ቢሮ ሲመላለሱ እሳቸውም አንድ ሁለት ቃል ቀስመዋል።

“ጻፊ” አሏት። “በሂደት ላይ ነው በይ።”

“ምኑ?”

“እሱን አልጠየቁም።”

አንዲት መስመር ብቻ ያለባት ደብዳቤ ገባች። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን ተመልሶ የጠየቀ የለም። ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ነበር፤ ወይዘሮ ወለተ ሐና ከገና በፊት ወቅተው ጨርሰው ተራውን ለከፋለ ለቀቁ።