ዶክተር ልሳነወርቅ ልጃቸውን በአንድ ቀን ሰጡ

ዶክተር ልሳነወርቅ በሲልቨር ስፕሪንግ አበሾች መካከል ብቸኛው ፈላስፋ ናቸው። ይህን የሚያውቅላቸው ሰው ግን ብዙ አይደለም። ምን እንደሚያስተምሩ ጠይቆ “ፍልስፍና” የሚል መልስ ያገኘ ሰው ሁሉ ፊቱን በሐዘኔታ ቅጭም አድርጎ፣ አይዞዎት፣ ሌላ ሥራ እስኪገኝ ነው ይላቸዋል።

በዲቪ የመጡ ሰሞን አሌክሳንድሪያ ፓርኪንግ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። በፓርኪንጉ መግቢያ ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጠው መጽሐፍ ሲያነቡ፣ የአንዱን ደንበኛ ቁልፍ ለሌላው የሰጡበት ቀን ጥቂት አይደለም። አለቃቸው ሲጠይቃቸው ደግሞ “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እያነበብኩ ነበር” ስለሚሉ ሰውየው የሚቆጣበት ነገር ያጣ ነበር። በአርባ አራት ዓመታቸው ዶክተር ተባሉ። ከዚያ ወዲህ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ባለ ኮሌጅ፣ ከሰዓት ደግሞ አሌክሳንድሪያ ባለ ሌላ ኮሌጅ በኮንትራት ያስተምራሉ። ቢሮ የላቸውም። መጽሐፎቻቸውም የፈተና ወረቀቶቻቸውም የመኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ ነው ያሉት። ጥያቄ ያለው ተማሪ ፓርኪንግ ድረስ ይከተላቸውና ስለ ነፍስ እዚያው ቆመው ይነጋገራሉ። ከፓርኪንግ ወጡ ሲባል ተመልሰው ፓርኪንግ ገቡ ማለት ነው።

የጻፉት መጽሐፍ አንድ ነው፤ አስራ አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ፍሬ ነገሩ፣ ለይሉኝታም ቢሆን፣ ለሰው ደስታም ቢሆን፣ ውሸት ውሸት ነው የሚል ነው። ባለቤታቸው ውቢት ከሦስተኛው ገጽ አላለፈችም። ከዳር እስከ ዳር አንብባ ያረመችው አንድ ልጃቸው ያኔት ናት፤ ያኔ አስራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ዶክተሩ ያስተማሩትን የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ክርስትና ተጠርተው፣ የቀረበው ወጥ እንዴት ነው ቢባሉ ጨው በዝቶበታል አሉ፤ የቤቱ እመቤት ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፈገቻቸው። ለቋሚ መምህርነት ተወዳድረው፣ ኮሌጃችንን ለምን መረጡ ሲባሉ፣ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ መመላለሱ ሰልችቶኝ ነው ብለው መለሱ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ቀና አድርገው ወጡ።

ያኔት አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ፋርማሲስት ናት። ሀዲስ ከሚባል የፔትዎርዝ ሰፈር ልጅ ጋር ተዋደው፣ ሁለቱ ጉዳዩን ከጨረሱ ቆይተዋል። የሀዲስ እናት ግን ወግ ወዳድ ናቸውና ሽማግሌ ካልተላከ ሠርግ የለም አሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ጋሽ ሀብተማርያም ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የአሌክሳንድሪያ ታክሲ ነጂ፣ በሽምግልና አርባ ጥንድ ያጋቡ ሰው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመው፣ ያማረ ንግግራቸውን አሰሙ።

ወጉ የታወቀ ነው። አባት በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም፤ እናስብበት፣ ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ኑ ይላል። ዶክተሩ ግን ያሰቡበት ነገር ስለሆነ አስባለሁ ማለት ውሸት መሰላቸው።

“ልጁን አውቀዋለሁ፣ እሷም ትወደዋለች” አሉ። “ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።”

ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ሀብተማርያም ለሁለተኛው ዙር ያዘጋጁት ንግግር ሆዳቸው ውስጥ ቀርቶባቸው፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው አሌክሳንድሪያን አዳረሰ፤ እንዲህ በጥድፊያ የተሰጠች ልጅ አንድ ነገር ቢኖርባት ነው ተባለ። የሀዲስ እናት፣ ልጅቷ ከዚህ በፊት አግብታ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያም ነገሩ እስኪጣራ የሠርጉ አዳራሽ እንዳይያዝ አዘዙ።

ያኔት እያለቀሰች መጣች። “ዳድ፣ ጀስት ሴይ ኖ። አልሰጥም በላቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ።”

ዶክተሩ፣ መስጠቴን እያወቅኩ አልሰጥም ብል ምን ይባላል ብለው ተከራከሩ።

“ሰው መሆን ይባላል” አለች ውቢት፤ ስልኩንም አንስታ ጋሽ ሀብተማርያም እንደ አዲስ እንዲመጡ ለመነቻቸው።

ዶክተሩ ለልጃቸው ሲሉ ተሸነፉ። ሳምንቱን በሙሉ ቤልትዌይ ላይ ትራፊክ ሲይዛቸው ሐሰት የሌለበት እምቢታ ሲቀምሩ ሰነበቱ። “ዛሬ መልስ አልሰጥም” የምትለዋ ሰባተኛዋ ሙከራ ነበረች፤ በእሷ ረኩ።

በቀጣዩ እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቤቱን አይተውት የማያውቁ መስለው ገቡ። ጋሽ ሀብተማርያም መንገድ ጠፍቷቸው እንደተንከራተቱ ሁሉ አወሩ። ከዚያ ቆመው ጀመሩ። ልጃችን በሌላኛው የአገሩ ጫፍ፣ ሲያትል፣ ጥሩ ሥራ አግኝቷል፤ ልጅዎን ይዞ ሄዶ እዚያ ጎጆ ሊቀልስ ይፈልጋል አሉ።

ስለ ሲያትል ዶክተሩ ካወቁ ወራት አልፏል። ግን ሙሉ ልብስ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ፊታቸው ቆመው ሲናገሩት ሌላ ነገር ሆነባቸው። በወጥ ቤቱ በር ክፍተት የያኔት ካልሲ ይታያል። ልጅ ሳለች፣ ውቢት በምትሠራበት ሆቴል ተረኛ ስትሆን የሚተዉበት አጥተው ወደሚያስተምሩበት ክፍል ይዘዋት ይገቡ ነበር። ከኋላ ተቀምጣ በከለር ስትስል ትውላለች። በአስራ ስምንት ዓመት የማስተማር ዘመናቸው ጨርሶ ቀርታ የማታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ሰባቱም ቀመሮች ጠፉባቸው።

“አልሰጥም” አሉ ካልሲዋን እያዩ። “አንድ ልጄ ናት። አልሰጥም።”

የጋሽ ሀብተማርያም ፊት በደስታ በራ። እጅ ነስተው፣ በሁለት ሳምንት እንመለሳለን ብለው ወጡ፤ ከደጅም፣ አባት ማለት እንዲህ ነው ሲሉ ተሰሙ። ውቢት፣ ይህን ያህል ትችልበታለህ ብዬ አስቤም አላውቅ አለች። ያኔት አቅፋ ሳመቻቸውና እውነት ይመስል ነበር አለቻቸው።

ዶክተሩ ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ተቀመጡ። በመጀመሪያው እሑድ ሰጠሁ ሲሉ ራሳቸውን እንዳልጠየቁ ገባቸው። ያ የውሸት ወግ ያሉት ነገር፣ ለአባት የሚያዝንበት ጊዜ መስጫ ኖሯል። አልሰጥም ያሉት ከልባቸው እንደነበር ለማንም አልተናገሩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። ዶክተሩ ከረባት አስረው፣ ፈገግ ብለው ተቀበሏቸው።

“በደስታ ሰጥቻለሁ” አሉ፤ ምላሳቸውን እንኳ አልያዛቸውም።

እልልታው ቀለጠ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ውቢት ምግብ ልታቀርብ ተነሣች። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ያኔት ብቻ እልል ሳትል አባቷን ታይ ነበር። መጽሐፉን ያረመችው እሷ ናት።